ገመናው የዜጋ፣ መዝገቡ የሕዝብ

በ1960 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። ገማቾች ገበሬው ማሳ ድረስ ሄደው የምርቱን ልክ እየገመቱ እንዲጽፉ ታዘዘ። የጎጃም ገበሬ፣ በተለይም የሞጣና የቢቸና ገበሬ፣ ገማቹን አላስጠጋም አለ። ዛሬ ምርቱ ከተጻፈ ነገ መሬቱ ይለካል፣ መሬቱ ከተለካ ርስቱ ከእጁ ይወጣል ብሎ ፈራ። በቀላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ የተለካው አገር ገበሬ ምን እንደ ደረሰበት ሰምቷል። የጎጃም ገበሬ በማመፁ ጦር ዘመተበት፣ አውሮፕላንም ተላከበት። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ፣ ግመታውም ቀረ።

ይህ ታሪክ የሚነገረው የግብር ዐመፅ ተብሎ ነው። ነገር ግን ገበሬው ያመፀው ስለ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ስለ እኔ የሚጻፈውን ማን ይይዘዋል? ምን ያደርግበታል? የሚል ጥያቄም ነበረው። ጥያቄው በጊዜው መልስ አላገኘም፤ ገማቹ ወደ መጣበት ተመለሰ እንጂ ጥያቄው አብሮት አልሄደም። ዛሬ የዚያ ገበሬ የልጅ ልጆች በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ የሞባይል ስልክ ይዘዋል፣ ቴሌብር ከፍተዋል፣ ለፋይዳ መታወቂያ አሥር ጣታቸውን፣ የዐይናቸውን ብሌንና የፊታቸውን ምስል ይሰጣሉ ወይም እንዲሰጡ ይጠየቃሉ። አያቶቻቸው ጠመንጃ አንሥተው የጠየቁትን እነሱ ግን እምብዛም አይጠይቁትም።

የምከራከርበት ሐሳብ ይህ ነው፦ በገጠራችን የመረጃ ሥርዓቱ ተገልብጦ ቆሟል። ተራው ሰው ለመንግሥትና ለድርጅት ከዓመት ዓመት ይበልጥ እየተገለጠ ሲሄድ፣ መንግሥትና ድርጅት ለተራው ሰው እንደ ተሰወሩ ቀርተዋል። የግል ሕይወት ይጠበቅ የሚለውና መረጃ ለሕዝብ ይገለጥ የሚለው በየፊናቸው የሚነሡ ሁለት ጉዳዮች ይመስሉናል። ሁለቱም ግን ማን ለማን መልስ ይሰጣል የሚል አንድ ጥያቄ ናቸው። ትክክለኛው ሥርዓት ደካማው ገመናውን እንዲጠብቅ፣ ኃይል ያለው ደግሞ መዝገቡን እንዲገልጥ የሚያደርግ ነው።

እዚህ ላይ ለመድረስ በየቡና ቤቱና በየገበያው የምንሰማቸውን ሦስት አስተያየቶች አንድ በአንድ መመርመር ያስፈልጋል። ሰው ያለ ምክንያት አይናገራቸውም፤ ከኑሮ የተቀዱ ናቸው። ሆኖም ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ያሳስቱናል።

የመጀመሪያው «እኔ የምደብቀው የለኝም» የሚለው ነው። በቅን ሕሊና የሚነገር ነው። ያልሰረቀ፣ ያልገደለ፣ ግብሩን የከፈለ ሰው ስሙና ፎቶው በመዝገብ ቢገባ ምን ይጎዳዋል? የጎጃም ገበሬ ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከማንም በላይ ማወቅ አለበት፤ በራሱ ላይ ደርሷልና።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደረገ፤ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃምም የሽግሽጉ ዋና ስፍራዎች ነበሩ። በየቀበሌው የተመረጡ ሰዎች ተቀምጠው ነዋሪውን ለዩት። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ወይም በቀበሌ አመራር ያገለገለው «ቢሮክራት» ተባለ፣ በንጉሡ ዘመን ሹመት የነበረው ወይም የሹም ዘር የሆነው «ፊውዳል» ተባለ። ይህ ስም የወጣለት ሰው ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ ሌላው ግን እስከ ሦስት ሄክታር ሊይዝ ይችል ነበር። ውሳኔው ያስቆጣቸው ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ ዘልቀዋል።

እንግዲህ እናስተውል። በ1970ዎቹ በገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበርነት የተመረጠ ሰው የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ሥራው ሕጋዊ ነበር፣ ስሙም በአደባባይ ይታወቅ ነበር፤ ብዙዎቹን ጎረቤቶቻቸው ግድ ብለው የመረጧቸው ናቸው። ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ያው መረጃ የልጆቹን እርሻ አሳጣው። ሰውየው ባሕርዩን አልለወጠም፣ ያለፈ ሥራውም ያው ነው፤ የተለወጠው መረጃውን የሚያነበው ወገን ነው። ስለዚህ «የምደብቀው የለኝም» የሚል ሰው ስለ ዛሬ ብቻ እየተናገረ ነው። መዝገብ ግን ከመዝጋቢውም፣ ከተመዝጋቢውም፣ ከመንግሥትም ዕድሜ በላይ ይኖራል። ነገ ማን እንደሚከፍተው የሚያውቅ የለም።

ያኔ መረጃው የነበረው በሰው አፍና በጥቂት ወረቀት ላይ ነው። ሽማግሌ ይረሳል፣ ወረቀት በምስጥ ይበላል፣ ጎረቤትም አዝኖ ዝም ይላል። ዛሬ በኮምፒዩተር የተያዘው ግን አይረሳም፣ አያዝንም፤ ከሌላ መዝገብ ጋር ለመገናኘትም ደቂቃ አይፈጅበትም። የስልክ ቁጥር ከባንክ ሒሳብ፣ የባንክ ሒሳብ ከፋይዳ፣ ፋይዳ ከጣት አሻራ ጋር ሲያያዝ የአንድ ሰው ኑሮ በአንድ ቁጥር ይጠቀለላል። ይህ ጥቅም የለውም አልልም። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ስለዚያም እመለሳለሁ። ጥቅሙ ግን አደጋውን አያስቀረውም።

ሁለተኛው አስተያየት ከመጀመሪያው ጋር የሚቃረን ይመስላል። «ስልክ ላይ አይሆንም፣ ስንገናኝ እናወራለን» የሚለው ነው። የምደብቀው የለኝም ያለው ሰው ራሱ ደውለው ስለ አገር ሁኔታ ሲጠይቁት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ማውራት ይጀምራል። በሳዑዲ ወይም በቤሩት ያለች ልጅ በኢሞ ደውላ «ሰላም ነው?» ስትል እናት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ሌላውን በሆዷ ትይዘዋለች።

ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሰፊ ዘገባ፣ የጸጥታ ሰዎች ብቸኛ በነበረው የቴሌኮም ድርጅት በኩል የሰውን የስልክ ግንኙነት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚያገኙና የተቀዳ ንግግር በምርመራ ጊዜ ለተጠርጣሪው ያሰሙ እንደነበር ከሰለባዎቹ ሰምቶ ጽፏል። በካናዳ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ኮምፒዩተር ውስጥ የስለላ ፕሮግራም ለማስገባት የተደረጉ ሙከራዎችን አጋልጧል። በገጠር ደግሞ ኮምፒዩተርም አላስፈለገም። «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት እያንዳንዱን አባወራና እማወራ በጎረቤት ዐይን ሥር አድርጎ ነበር። ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀምና ስለ ክትባት የሚነገርበት ያው መረብ ማን ምን እንደ ተናገረም ያደርስ ነበር።

እዚህ ላይ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ከፍርሃቱ የምናወጣው መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው። ሰው «ስልክ ጆሮ አለው» ብሎ አመነ፤ ካመነ በኋላ ግን ዝም ማለትን መረጠ እንጂ ማን ፈቀደለት ብሎ አልጠየቀም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰው ቤት፣ ሰውነትና ንብረት ብቻ ሳይሆን ደብዳቤውም፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነቱም የማይደፈር መሆኑን ይደነግጋል፤ ገደብ የሚደረገውም በሕግ በተዘረዘረ አስገዳጅ ምክንያት ብቻ ነው። ስለላን እንደ ዝናብና እንደ በረዶ ከሰማይ የሚመጣ ነገር አድርገን ከተቀበልነው ይህ አንቀጽ የሚያድነው ሰው አይኖርም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ከዙፋኑ ጋር አልተሻረም፤ አሁን ወደ ስልካችን ገብቷል።

ፍርሃቱ ሌላም ጉዳት አለው። ከመንግሥት የሚጠነቀቅ ሰው ከሌላው ሁሉ ሳይጠነቀቅ ይቀራል። ስለ ፖለቲካ በስልክ የማያወራ ሽማግሌ ገንዘብ ሊልክ ሲሄድ ስልኩን ለወኪሉ አስረክቦ የሚስጥር ቁጥሩን ተሰላፊው ሁሉ እየሰማ ይናገራል። የመታወቂያውን ቅጂ በፎቶ ኮፒ ቤት ጥሎ ይሄዳል። «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ለደወለ አጭበርባሪ የተላከለትን የማረጋገጫ ቁጥር ያነብለታል። ወጣቱ ደግሞ የእኅቱን ሰርግ ቪዲዮ በቲክቶክ ይለቅቃል፤ በኋላ ትዳሯ ቢፈርስ፣ ወይ ሌላ ኑሮ ብትጀምር ቪዲዮው እንደ ተለቀቀ ይቀራል። በዚህ በኩል ሴቶች የበለጠ ይጎዳሉ። ባሏ ስልኳን የሚከፍትባት፣ ወንድሟ መልእክቷን የሚያነብባት ሴት በገዛ ቤቷ ገመና የላትም፤ ስለ እሷ የሚከራከር ግን አይሰማም።

ስለዚህ መፍትሔው አለመመዝገብ ነው? አያቶቻችን እንዳደረጉት ገማቹን መመለስ ነው? አይደለም። ለዚህም ምስክሩ ከዚሁ ከመሬት ጉዳይ ይገኛል።

ከሽግሽጉ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታን መመዝገብ ጀመረ። በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ከተሞከሩት የመጀመሪያ ቀበሌዎች አንዱ የተመረጠው ከዚሁ ከጎጃም ምድር፣ ከጎዛምን ወረዳ ነው። ኮሚቴ ተመርጦ፣ አዋሳኝ ተጠርቶ፣ ማሳው ተለክቶ ተጻፈ፤ ውጤቱ ለነዋሪው በግልጽ ቀርቦ ቅሬታ ያለው እንዲናገር ተደረገ። በመጨረሻም ለየባለይዞታው ደብተር ተሰጠ። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጠፈ፣ የሁለቱም ስም ተጻፈ። ጉድለትና ሙስና አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በ1960 ዓ.ም. «አይለካም» የተባለው መሬት ሲለካ ገበሬው ዐመፅ አላነሣም፤ ብዙው ወዶ ተቀበለው። ባሏ የሞተባት ሴት በአማቶቿ ፊት ደብተሯን አውጥታ መከራከር ቻለች።

ሁለቱን ምዝገባዎች እናነጻጽር። በ1989 ዓ.ም. ሰው ተጻፈ፤ የተጻፈውን ግን አላየውም፣ አላረመውም፣ እጁም ላይ አልቀረም። በኋለኛው ተጻፈ፤ የተጻፈውን አየ፣ ቅሬታ ካለው ተናገረ፣ ደብተሩንም ወደ ቤቱ ይዞ ሄደ። የመጀመሪያው መዝገብ መሬት ነጠቀው፣ ሁለተኛው መሬቱን ጠበቀለት። በምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ያሉ ሽማግሌዎች ሁለቱንም በዕድሜያቸው አይተዋል፤ በመጽሐፍ ያላነበቡትን የመረጃ መብት ትምህርት በኑሯቸው ያውቁታል። መዝገብ ወዳጅ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ የተመዘገበው ሰው የተጻፈበትን ማየት ሲችል፣ ስሕተቱን ማሳረም ሲችል፣ ከተፈለገበት ጉዳይ ውጭ እንዳይውል የሚከለክል ሕግና ዳኛ ሲኖር።

በዚህ መመዘኛ የዛሬውን እንይ። ፋይዳ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ለብዙ የገጠር ሰው ጥቅሙ እውነተኛ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ማንነትን ለማረጋገጥ ብቻ ሳይሆን ለመፈረጅም ሲያገለግል የኖረ ወረቀት ነው፤ ፋይዳ ግን ብሔር አይጽፍም። ከቀበሌው ርቆ ወደ መተማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሄደ የጅጋ ወጣት በአንድ ቁጥር ባንክ ሊገባ፣ ሲም ሊያወጣ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቶ፣ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን የማየትና የማሳረም መብት በጽሑፍ አግኝቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሕጉ ጥሩ ነው። ጥያቄው ጅጋ ይደርሳል ወይ ነው። ከመዝገቡ ላይ ስሙ የተሳሳተበት ገበሬ የት ሄዶ ያሳርማል? መረጃው ያለ ፈቃዱ ለሌላ ተላልፎ ቢጎዳ አቤት የሚልበት መስኮት የትኛው ከተማ ነው? አሥሩን ጣት የሚቀበለው ማሽን ወደ ገጠር ሲወርድ፣ ቅሬታ የሚሰማው ቢሮ አዲስ አበባ ከቀረ ሥርዓቱ በአንድ እግሩ ቆሟል ማለት ነው። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆኗል፤ ግዴታው ወደ ክልል እንዲሰፋም ያኔ ታቅዶ ነበር። በጦርነት ምክንያት መመዝገብ ያልቻለ የገጠር ነዋሪ ከገንዘቡ እንዳይለይ አስቀድሞ ሊታሰብለት ይገባል።

ሕግ ከልማድ እንደሚዘገይ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ታይቷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተሳስቶ ብዙ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ። የራሳቸው ያልሆነውን መመለስ ነበረባቸው፤ በዚህ አልከራከርም። ባንኩ ግን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አደባባይ አወጣ፣ በቅርንጫፎቹ ደጃፍም ለጠፈ። ሰዎቹን ወንጀለኛ ብሎ የፈረደ ፍርድ ቤት አልነበረም። ብዙዎቻችን «ይበላቸው» ብለን አለፍን። ባንክ ለሒሳብ መክፈቻ የተቀበለውን ፎቶ ለማሳፈሪያ ሊያውለው ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በየቤቱ መነጋገሪያ መሆን ሲገባው አልሆነም። ዛሬ በሌላው ላይ የፈቀድነው ነገ ለእኛ ልምድ ሆኖ ይጠብቀናል።

ሦስተኛው አስተያየት «የመንግሥት ነገር ለመንግሥት፣ እኔን አይመለከተኝም» የሚለው ነው። ከሦስቱም ከባዱ ይህ ይመስለኛል። ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገመናችንን ያስወስዱናል፤ ይህኛው ግን ልንጠይቅ የሚገባንን ያስረሳናል።

ማዳበሪያን እንውሰድ። የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎቹ ጃቢ ጠኅናንና ቡሬ በበቆሎ፣ በጤፍና በበርበሬ የሚታወቁ ናቸው፤ ማዳበሪያ ዘግይቶ ከደረሰ የዓመቱ ቀለብ ይበላሻል። በ2015 ዓ.ም. የመኸር ወቅት ማዳበሪያ በጠፋ ጊዜ የአማራ ክልል ገበሬዎች ሰልፍ እስከ መውጣት ደርሰዋል። በዚያ ጊዜ ሰውን ያስቆጣው እጥረቱ ብቻ አልነበረም። ለወረዳው ስንት ኩንታል ተመደበ? ስንቱ ደረሰ? ለየትኛው ቀበሌ ስንት ተሰጠ? በነጋዴ እጅ የታየው ከየት ወጣ? የእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልሶች በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ ቢለጠፉ ኖሮ እጥረቱ ባይቀርም ሐሜቱ ይቀር ነበር፤ ሌባውም በቀላሉ ይታይ ነበር። ገበሬው ስንት ጥማድ እንዳለው፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ ስንት ዕዳ እንዳለበት ቀበሌው ያውቃል። ቀበሌው ስንት ኩንታል እንደ ተቀበለ ግን ገበሬው አያውቅም።

ይህን የመጠየቅ መብት ከየትም መዋስ አያስፈልግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ አንቀጽ 29 ደግሞ ሕዝብን የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብት እንዳለ ይደነግጋሉ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዝርዝሩን አስቀምጦታል፤ መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ቢከለክል ምክንያቱን ይገልጻል፤ ተከልካዩም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። ሕጉ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም አገልግሎት ፈላጊው እስከ ዛሬ ወረዳ የሚሄደው ለመለመን እንጂ ለመጠየቅ አይደለም።

መረጃ መከልከል ከሕይወት ጋር የተያያዘ መሆኑን ደግሞ የጎጃም ሰው ባለፉት ዓመታት አይቶታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተቋረጠ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም በአየር ተመታች፤ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለውጭ መገናኛ ብዙኃን ተናገሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በማግስቱ ባወጣው መግለጫ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን በመኖሪያ ቦታዎች ላይ ጥቃት ስለ መድረሱ ተአማኒ መረጃ እንደ ደረሰው አስታወቀ። ዜናው ለንደንና ዋሽንግተን ሲደርስ፣ ዘመዱ በከተማዋ የነበረ የአጎራባች ቀበሌ ሰው ግን ማን እንደ ሞተ፣ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ የሚነግረው አጥቶ ነበር። ነጋዴው በኢንተርኔት ገንዘቡን ማንቀሳቀስ አልቻለም፤ ተማሪው ከትምህርቱ ተቆረጠ፤ በስደት ያለች ልጅ የእናቷን ድምፅ ለመስማት ተጨነቀች።

ኢንተርኔት መዝጋት በእኛ አገር አዲስ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና መውጣትን ተከትሎ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘግቷል። በሰኔ 2011 ከባሕር ዳሩ የክልል ባለሥልጣናት ግድያ በኋላ፣ በሰኔ 2012 ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ መላ አገሪቱ ጨልማለች። ትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ለሁለት ዓመት ገደማ ከዓለም ተቆርጣ ኖራለች። ከእነዚህ በአብዛኞቹ ጊዜያት ማን አዘዘ፣ በየትኛው የሕግ አንቀጽ፣ ለስንት ቀን የሚለው ለሕዝቡ በይፋ አልተነገረውም። የአንድን ሰው ቤት ለመፈተሽ የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋል፤ የሚሊዮኖችን አፍና ጆሮ ለመዝጋት ግን ማዘዣ አልታየም።

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ አውቃለሁ። በጦርነት ጊዜ የሐሰት ወሬ ሰው ያስገድላል፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚነዛ ጥላቻ መንደር ያቃጥላል ይባላል። እውነት ነው። በስም እየጠቀሱ «እገሌ ባንዳ ነው»፣ «የእገሌ ቤት ይኸውና» እያሉ በፌስቡክ መለጠፍ ሰው አስገድሏል፤ ይህን የሚያደርጉት የመንግሥት ሰዎች ብቻ አይደሉም። በየኬላው ስልክ ተከፍቶ ፎቶና መልእክት የሚፈተሽበት ሰው፣ ፈታሹ ማንም ይሁን ማን፣ አንቀጽ 26 ተጥሶበታል። ነገር ግን ወሬ የሚፋፋው እውነት ሲጠፋ ነው። ኢንተርኔት በተዘጋባቸው ወራት ወሬ አልቀነሰም፤ የሚያጣራበት መንገድ ያጣው ሕዝብ የመጣለትን ሁሉ አመነ። የጥላቻ ንግግርን የሚቀጣ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ አለን። ጥፋተኛውን በስሙ ለይቶ መክሰስ እየተቻለ ያላጠፋውን ሕዝብ በጅምላ ማደንቆር ፍትሕ አይደለም።

«ዳቦ ለቸገረው ሕዝብ ስለ ዳታና ስለ መረጃ ነፃነት መስበክ ቅንጦት ነው» የሚልም አለ። የህንድ ገበሬዎች ታሪክ ለዚህ መልስ ይሆናል። በራጃስታን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሠረተ የገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ማኅበር፣ አሩና ሮይ የተባሉ ሴት ከመሪዎቹ አንዷ ሆነው፣ የመንግሥትን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝርና ደረሰኝ ቅጂ መጠየቅ ጀመረ። ቅጂው ሲገኝ በየመንደሩ ሕዝብ በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። በዝርዝሩ ደመወዝ የተከፈላቸው የሞቱ ሰዎች ተገኙ፤ ተሠራ የተባለ ያልተሠራ ግንባታም ተገኘ። ማንበብ የማይችሉ የቀን ሠራተኞች የጀመሩት ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2005 የህንድ የመረጃ መብት ሕግ ሆነ። ጥያቄያቸው የዳቦ ጥያቄ ነበር፤ ዳቦው የት እንደ ገባ የሚያሳየው ግን መዝገቡ ነበር። ያው አገር እ.ኤ.አ. በ2017 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የግል ሕይወት መሠረታዊ መብት ነው ብሎ ወሰነ፤ ክርክሩ የተነሣውም የጣት አሻራና የዐይን ብሌን በሚሰበስበው ብሔራዊ መታወቂያ ምክንያት ነው። ሁለቱን መብቶች አንድ ላይ ማስከበር ይቻላል።

እኛም ብንሆን ከራሳችን ልማድ አንድ እርምጃ አልራቅንም። የጎጃም ሰው ገመናውን ለንስሐ አባቱ ይናገራል። ካህኑ የሰማውን ለሚስትም፣ ለዳኛም፣ ለሹምም አያወጣም፤ ቢያወጣ ክህነቱ ይነካል። ያው ሰው እሑድ እድር ላይ ሲቀመጥ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ የገባውንና የወጣውን ብር በጉባኤው ፊት ያነባል። ሊቀ መንበሩ «ይህ ምስጢር ነው» ቢል አባላቱ በዚያው ይሽሩታል። ንስሐ አባት ጋ የሚነገረው የእድሩን ጉባኤ አይመለከተውም፤ የእድሩን ሒሳብ ደግሞ መሸሸግ ነውር ነው። አንድ ገበሬ በአንድ ሰንበት በሁለቱም ሥርዓት ውስጥ ያልፋል፤ አንዱን ከሌላው አያምታታም። ከአገር አስተዳደር የምንጠብቀው ይህንኑ ነው፤ የእኔን ገመና እንደ ንስሐ አባት ይጠብቅ፣ የራሱን ሒሳብ እንደ እድር ጸሐፊ ያንብብ።

ቴክኖሎጂ ይህን አይከለክልም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ማንበብ ለማይችል ገበሬ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም በነፃ በአማርኛ ይነግር ነበር። ያንኑ መሣሪያ «ለቀበሌህ የመጣው ማዳበሪያ ይህን ያህል ነው» ለማለት መጠቀም ይቻላል። ማሽኑ ተመቻችቷል፤ የቀረው የባለሥልጣን ፈቃደኝነትና የሕዝብ ጠያቂነት ነው።

ከመንግሥት የሚጠበቀው ግልጽ ነው። የማዳበሪያ፣ የእርዳታና የመንገድ በጀት ቁጥር በየቀበሌው ይለጠፍ። በፋይዳና በዳታ ጥበቃ ሕጉ የሚነሣ ቅሬታ የሚሰማበት ሠራተኛ በየወረዳው ይመደብ። የቴሌኮም ድርጅቶች በዓመት ስንት ጊዜ የሰው መረጃ እንዲሰጡ እንደ ተጠየቁና ስንቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደ ነበረ ያሳውቁ። ኢንተርኔት የሚዘጋ ካለ ስሙን፣ የሕግ ምክንያቱንና የሚያበቃበትን ቀን ይናገር፤ ዳኛም ይመርምረው።

ከእኛም የሚጠበቅ አለ። የሚስጥር ቁጥርህን ለወኪልም ለልጅም አትናገር። ፎቶ ኮፒ ቤት የመታወቂያህን ቅጂ ጥለህ አትውጣ። የሌላውን ሰው ፎቶና ቪዲዮ ሳትጠይቅ አትልቀቅ። የሚስትህን፣ የእኅትህን ስልክ አትክፈት። የተመዘገብክበትን ሁሉ ምን እንደ ተጻፈብህ ጠይቀህ እይ፣ ቅጂም ውሰድ። እድርህ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበርህ፣ ሰንበቴህ አንድ የሚጽፍ ወጣት መርጦ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለወረዳው የመጀመሪያውን የጽሑፍ ጥያቄ ያስገባ፦ «ለቀበሌያችን በዚህ ዓመት ስንት ኩንታል ማዳበሪያ መጣ? ለእነማን ተከፋፈለ?» ደብዳቤው ሲገባ ቀኑን ጽፎ ማኅተም ያስመታ፤ ሠላሳውንም ቀን ይቁጠር። መልስ ካልመጣ ወደ እንባ ጠባቂ ይሂድ። ሕጉ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ሥራ ላይ የሚያውለው የሚጠይቅ ሰው ነው።